ለጸረ ቫይረስ ከመክፈል በፊት፦ የአጥቢያ መዝገብ በምን ይጠበቃል?

በወላይታ ሀገረ ስብከት በሚገኙ አጥቢያዎች የጽሕፈት ቤት ሥራ ከጥራዝ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በመሸጋገር ላይ ይገኛል። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የምእመናን ዝርዝር፣ ወርኃዊ አስተዋፅኦ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውሎች፣ በልማት ፕሮጀክት የሚደገፉ አባወራዎችና እማወራዎች ስም ዝርዝር፣ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ሽግግሩ ሥራን አቅልሏል። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ መጥቷል፤ በዓመቱ የበጀት ውይይት ላይም ደጋግሞ ይነሣል፦ «ለኮምፒውተሮቻችንና ለስልኮቻችን ሁሉ አንቲቫይረስ እንግዛ ወይስ ይቅርብን?»

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በሁለት በኩል ተጠያቂነት አለበት። የሚከፈለው ገንዘብ ምእመናን በአደራ የሰጡት ነው፤ የሚጠፋው መዝገብም የእነርሱው ነው። ሳያስፈልግ መክፈል አንድ ጉድለት ነው፤ ባለመጠንቀቅ የሠላሳ ዓመት የጥምቀት መዝገብ ማጣት ደግሞ ሌላ ጉድለት ነው። በመሆኑም ሰበካ ጉባኤያት ውሳኔያቸውን በሻጭ ማስታወቂያም ሆነ በፍርሃት ላይ ሳይሆን በዕውቀት ላይ እንዲመሠርቱ ይህን ማብራሪያ አዘጋጅተናል።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ከአንድ እስከ አምስት ኮምፒውተር ላለው የአጥቢያ ጽሕፈት ቤት፣ የሚከፈልበት ጸረ ቫይረስ የመጀመሪያው ወጪ ሊሆን አይገባም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ ቀጥሎ ወቅታዊ የሆነ ዊንዶውስ ነው፤ ከዚያም በዊንዶውስ ውስጥ ያለ ክፍያ የተቀመጠውን ጠባቂ በአግባቡ መጠቀም ነው። መክፈል ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነርሱንም በየቦታቸው እናሳያለን።

ጸረ ቫይረስ የሚሠራውና የማይሠራው

ጸረ ቫይረስ የሚባለው ፕሮግራም በዋናነት ሦስት ነገሮችን ያደርጋል። አንደኛ፣ ቀድሞ የሚታወቁ ጎጂ ፕሮግራሞችን መለያ ዝርዝር ይይዛል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን እያንዳንዱን ፋይልም ከዚያ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፕሮግራም ቢመጣ ጠባዩን ይከታተላል፤ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰነዶችን መለወጥ ቢጀምር ያስቆመዋል። ሦስተኛ፣ ያጠራጠረውን ፋይል በኢንተርኔት አማካይነት ከአምራቹ ማእከል ይጠይቃል።

የማይሠራውን ማወቅም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል። ጸረ ቫይረስ የጠፋን ፋይል አይመልስም። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ የተቃጠለን ሃርድ ዲስክ አያድንም። የተሰረቀ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን መዝገብ አያመጣም። ጸሐፊው በስሕተት የሰረዘውን ሰነድ አይተካም። ሒሳብ ሹሙ በስልክ ለጠየቀው ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ቢነግር፣ በዓለም ላይ ያለ ውዱ ጸረ ቫይረስም ያንን ሊከለክል አይችልም። አንድ ኮሚቴ «አንቲቫይረስ ገዝተናል» ብሎ ቢያርፍና ሌላውን ሁሉ ቢተወው፣ የበሩን ቁልፍ አጥብቆ መስኮቱን ክፍት እንደ ተወ ቤት ይሆናል።

በእኛ አካባቢ ችግሩ የሚገባባቸው በሮች

በወላይታ ዞን የመጀመሪያው በር ፍላሽ ነው። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከገሱባ፣ ከበሌ ወይም ከጠበላ የሚመጣ ደብዳቤ በአጥቢያው ኮምፒውተር ይጻፋል፤ በፍላሽ ተይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ታትሞ ማኅተም ከተደረገበት በኋላ ያው ፍላሽ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመለሳል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሆነችው በሶዶ ያሉ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በቀን ውስጥ የብዙ ተማሪዎችን፣ የመሥሪያ ቤቶችንና የነጋዴዎችን ፍላሽ ያስተናግዳሉ። ስለዚህ አንድ የታመመ ፍላሽ በአንድ ቀን ብዙ ጽሕፈት ቤቶችን ሊነካ ይችላል።

ከእነዚህ ቫይረሶች መካከል ብዙዎቻችን የምናውቀው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ፍላሹን ስንከፍት ሰነዶቻችን በሙሉ ወደ አቋራጭ ምልክትነት ተለውጠው እናያለን። በዚህ ጊዜ ማወቅ የሚገባን ቁም ነገር አለ፦ በአብዛኛው ሰነዶቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው የእርሱን አቋራጮች አስቀምጧል። አቋራጩን ስንነካ ሰነዱም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ወደ ኮምፒውተራችን ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አቋራጩን አትንኩ፤ ፍላሹንም በችኮላ ፎርማት አታድርጉ፤ ፎርማት ከተደረገ ተደብቆ የነበረው ሰነድ በእውነት ይጠፋል። ፍላሹ በወቅታዊ ጸረ ቫይረስ ይመርመር፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ተደርጎ ሰነዶቹ ይውጡ።

ሁለተኛው በር ፈቃድ የሌለው የፕሮግራም ቅጂ ነው። ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ፣ አንዳንዴም ጸረ ቫይረሱ ራሱ «ክራክ» ተደርጎ በፍላሽ ይተላለፋል። ክራክ የሚጭነው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ጸረ ቫይረሱ ክራኩን ስለሚከለክለው ነው። ይህ ማለት ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው ዘበኛውን አስወጥቶ በሩን እንደ መክፈት ነው። የሚከፈልበትን ጸረ ቫይረስ በክራክ መጠቀምም ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ ጥበቃው አስተማማኝ አይሆንም፣ ሕጋዊም አይደለም፣ ለቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትም አይገባም።

ሦስተኛው በር ስልክ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የተለመደ ሆኗል። አጭበርባሪዎችም በዚያው መንገድ ይመጣሉ፦ «ሽልማት ደርሶሃል»፣ «ሒሳብህ ሊዘጋ ነው»፣ «የተላከልህን ቁጥር ንገረኝ» እያሉ ይደውላሉ፤ ወይም በቴሌግራም የመተግበሪያ ፋይል ልከው «ይህን ጫን» ይላሉ። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከፕሌይ ስቶር ጋር አብሮ የሚሠራ «ፕሌይ ፕሮቴክት» የተባለ ነፃ መርማሪ አለ። መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ የሚጭን ሰው በስልኩ ላይ ጸረ ቫይረስ በመግዛት የሚጨምረው ጥበቃ ጥቂት ነው። የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አለመናገር ግን ምንም ወጪ የሌለው ትልቅ ጥበቃ ነው።

ያለ ክፍያ የተሰጠን ጠባቂ

እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ጸረ ቫይረስን የዊንዶውስ አካል አድርጎ መስጠት ጀምሯል። ዛሬ በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» በሚል ስም ይገኛል። ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ የሚያበቃበት ቀንም አይቆረጥለትም። በጀርመን የሚገኘው ኤቪ ቴስት የተባለው ገለልተኛ የመመርመሪያ ተቋም በቅርብ ዓመታት ባደረጋቸው ፈተናዎች ዲፌንደር በተደጋጋሚ ሙሉ ወይም ለሙሉ የተጠጋ ነጥብ አግኝቷል። ስለዚህ «ነፃ ስለሆነ ደካማ ነው» የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብ ዛሬ አይሠራም።

ይሁን እንጂ አንድ ድክመት እንዳለው መሸሸግ አይገባም፤ ይህም በእኛ አካባቢ ያለውን ሁኔታ በቀጥታ ይነካል። በኦስትሪያ የሚገኘው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባለው ሌላ መርማሪ ተቋም ጸረ ቫይረሶችን ኢንተርኔት እያላቸውና ሳይኖራቸው ለይቶ ይፈትናል። ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲኖረው ብርቱ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ግን ቫይረስን የመለየት ዐቅሙ ከአንዳንድ የሚከፈልባቸው ምርቶች ያንሳል። ምክንያቱም ያጠራጠረውን ፋይል የሚጠይቀው ከማእከሉ ስለሆነ ነው። ለወራት ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ ነገር ግን በየቀኑ የሌሎችን ፍላሽ የሚቀበል ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ይህን ልዩነት ልብ ልትሉት ይገባል።

መፍትሔው በአብዛኛው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ ጧት፣ ኮምፒውተሩ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ይገናኝ፤ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገጽ ውስጥ የመለያ ዝርዝሩን የሚያድሰው ትእዛዝ በእጅ ይሰጥ። ኮምፒውተሩ የስልክ ዳታን ለመቆጠብ ሲል በራሱ ላያድስ ስለሚችል «ራሱ ያደርገዋል» ብሎ መተው አይበቃም። የአጥቢያው ኮምፒውተር ጨርሶ መስመር በማያገኝበት ቦታ ከሆነ፣ የማይክሮሶፍት የመለያ ዝርዝር ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ በሌላ ኮምፒውተር ወርዶ በንጹሕ ፍላሽ ሊጫን ይችላል።

ከጸረ ቫይረሱ በተጨማሪ ዊንዶውስ ራሱ መታደስ አለበት። ይህን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. በዓለም ላይ የደረሰው አደጋ በሚገባ ያስተምራል። በዚያን ቀን «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ ወደ 150 በሚጠጉ ሀገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ ሰነዶችን ቆልፎም ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ሆኖም ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ማስተካከያውን በጊዜው የጫኑ ዳኑ፤ «ነገ አደርገዋለሁ» ያሉት ተጎዱ።

በዚህ ረገድ በአሁኑ ጊዜ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ማስተካከያ አያገኝም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው ተጨማሪ ጊዜም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። የዲፌንደር መለያ ዝርዝር በዊንዶውስ 10 ላይ ከዚያ በኋላም መታደሱን እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ነገር ግን ዘበኛው ንቁ መሆኑ የፈረሰውን አጥር አይጠግነውም። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የሚችል ከሆነ ወደ እርሱ መሻገር ይገባል፤ ካልቻለ ለጸረ ቫይረስ የታሰበውን ገንዘብ ለሚቀጥለው ኮምፒውተር መግዣ ማጠራቀም ይሻላል። በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ ውድ ጸረ ቫይረስ መጫን በፈረሰ አጥር ላይ የወርቅ መዝጊያ እንደ መግጠም ነው።

የክፍያው ሒሳብ

የሚከፈልባቸው ጸረ ቫይረሶች በአብዛኛው ለሦስት፣ ለአምስት ወይም ለዐሥር መሣሪያዎች በአንድነት ይሸጣሉ። «ለዐሥር መሣሪያ» የሚለው አነጋገር ርካሽ ያስመስለዋል። ኮሚቴው ግን አስቀድሞ ሊቈጥር የሚገባው ጥበቃው በእውነት የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያዎች ነው። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ላፕቶፕ ያለው አጥቢያ የአባላቱን የግል ስልኮች ጨምሮ «ዐሥር ይሞላል» ቢል፣ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ለግል ስልክ ማዋሉ ነው፤ ስልኮቹም ከላይ እንደ ተገለጸው ከዚህ ብዙ አይጠቀሙም።

ሁለተኛው ነገር ክፍያው ዓመታዊ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ በቅናሽ የቀረበ ነው፤ በእድሳቱ ጊዜ ከፍ ይላል። ዋጋውም በዶላር የተተመነ በመሆኑ ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። ለምሳሌ ያህል ዓመታዊ ክፍያው 40 ዶላር ነው ብንል፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ወጪው 2,280 ብር ያህል ይሆን ነበር። ምንዛሪው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ግን ያው አገልግሎት ከ4,000 ብር በላይ ሆነ። አገልግሎቱ አልጨመረም፤ ወጪው ግን ጨመረ። በብር የሚሰበሰብ በጀት ያለው አጥቢያ በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ግዴታ ከመግባቱ በፊት ይህን ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። እድሳቱ በአብዛኛው በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የሚፈጸም ሲሆን አጥቢያዎቻችን እንዲህ ያለ ካርድ የላቸውም። ስለዚህ የመክፈቻ ቁጥሩ ከሻጭ ይገዛል። ቁጥሩ ለሌላ ሀገር ብቻ የተፈቀደ፣ ቀድሞ በሌላ ሰው ጥቅም ላይ የዋለ ወይም ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ቁጥሩም ሻጩ ባለበት በእናንተው ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ የሚያበቃበት ቀን በዐይን ይታይ።

አራተኛው የጊዜው ማብቃት ነው። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ለቅቆ ያርፋል። የተገዛው ጊዜው ሲያልቅና ሳይታደስ ሲቀር ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስሙ ብቻ የቀረ ይሆናል፤ አዲሱን ቫይረስ አያውቅም። በዚህ ጊዜ መደረግ ያለበት ያለቀበትን ፕሮግራም ፈጽሞ ማስወገድ ነው፤ ያን ጊዜ ዲፌንደር ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል። ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ላይ መጫንም ጥበቃን አያጠናክርም፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተርም ያዘገዩታል።

አምስተኛው «ነፃ» ተብለው የሚወርዱት ሌሎች ጸረ ቫይረሶች ናቸው። ብዙዎቹ በውላቸው ውስጥ ለቤት አገልግሎት ብቻ የተፈቀዱ መሆናቸውን ይገልጻሉ፤ በጽሕፈት ቤት መጠቀም ከውሉ ውጪ ነው። በተጨማሪም ያልተከፈለበት ነገር በሌላ መንገድ ሊያስከፍል ይችላል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቫስት የተባለው የታወቀ ጸረ ቫይረስ አምራች የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ ለሌሎች ሸጧል በማለት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ይህን የምንጠቅሰው ጸረ ቫይረስ የኮምፒውተራችንን ፋይሎች ሁሉ የማየት ሥልጣን የምንሰጠው ፕሮግራም እንደ ሆነ ለማስታወስ ነው። ዘበኛ ሲቀጠር ማንነቱ ይጠየቃል።

የረጅም ጊዜ ውልን በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ካስፐርስኪ የተባለው የሩሲያ ጸረ ቫይረስ በሀገሩ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ በዚያ የነበሩ ደንበኞች በወራት ውስጥ ወደ ሌላ ምርት ለመሻገር ተገደዋል። በሩቅ ሀገር የሚደረግ ውሳኔ የገዛነውን ነገር ሊለውጠው ስለሚችል፣ ለመግዛት የወሰነ ኮሚቴ ለሦስት ዓመት ከመክፈል ይልቅ ለአንድ ዓመት ቢከፍልና በየዓመቱ ቢመረምር ይሻላል።

መክፈል ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች

ከዚህ በላይ የተባለው «ከቶ አትክፈሉ» ለማለት አይደለም። በሦስት ሁኔታዎች መክፈል ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው የኮምፒውተሮቹ ቍጥር ሲበዛና በኔትወርክ ሲያያዙ ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ብዙ ክፍሎች ያሉት ጽሕፈት ቤት ዐሥርና ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች ካሉት፣ የእያንዳንዱን ጤንነት እየዞሩ ማየት አይቻልም። ለድርጅቶች የሚሸጡ ጸረ ቫይረሶች ሁሉንም ከአንድ ቦታ ለመከታተል ያስችላሉ። ይህ የሚጠቅመው ግን የሚከታተል ባለሙያ ሲኖር ነው፤ ማንም የማያየው ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠ ማስጠንቀቂያ አይሻልም።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት እምብዛም ሳያገኝ የብዙ ሰዎችን ፍላሽ በየቀኑ የሚቀበል ሲሆን ነው። ለገቢ ማስገኛ የጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት የሚሰጥ አጥቢያ ለዚያ አንድ ኮምፒውተር፣ ያለ ኢንተርኔት በሚደረግ ፈተና ጥሩ ውጤት ያለውን ምርት ቢገዛ ገንዘቡ ያለ ቦታው አልዋለም። የምእመናን መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ግን ለኅትመት አገልግሎት ከሚውለው የተለየ ይሁን።

ሦስተኛው የፕሮጀክት ውል ሲጠይቅ ነው። አንዳንድ ለጋሾች የተረጂዎች መረጃ የሚያዝበት ኮምፒውተር የተወሰነ ጥበቃ እንዲኖረው በውላቸው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ከሆነ ወጪው ከፕሮጀክቱ በጀት እንዲሸፈን አስቀድሞ በዕቅዱ ውስጥ ይካተት፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እድሳቱ የአጥቢያው ዕዳ ሆኖ እንዳይቀርም ይታሰብበት።

የመጀመሪያው ብር የት ይዋል?

በየካቲት 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የመረጃ ማእከል በኮምፒውተር ጥቃት ተመትቶ ነበር። የራሱ ባለሙያዎችና በጀት ያለው አህጉራዊ ተቋም ከተመታ፣ የገጠር አጥቢያ «እኔን አይነካኝም» ሊል አይችልም። ከዚህ የምንማረው ግን ተስፋ መቍረጥን አይደለም፤ ጥበቃ አንድ ቀን ሊሸነፍ እንደሚችል አስቦ መዘጋጀትን ነው። የዝግጅቱም መሠረት መጠባበቂያ ቅጂ ነው።

በዓለም ላይ ያሉ ባለሙያዎች የሚመክሩት ደንብ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጪ። ለአንድ አጥቢያ ይህ ማለት አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከጽሕፈት ቤቱ ርቆ በሚገኝ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በወረዳው ቤተ ክህነት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩ ቅጂው ካለቀ በኋላ ከኮምፒውተሩ ይነቀል። እንደ ዋናክራይ ያሉ ሰነድ የሚቆልፉ ቫይረሶች ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ የተቀመጠውን ሃርድ ዲስክም አብረው ይቆልፉታልና። ተነቅሎ በሳጥን ውስጥ የተቆለፈበትን ግን ምንም ቫይረስ አይደርስበትም።

ቅጂው በየሳምንቱ ይወሰድ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከቅጂው ላይ አንድ ሰነድ ተከፍቶ ይታይ። ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። የአንድ ሃርድ ዲስክ ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ከቫይረስ ብቻ ሳይሆን ከእሳት፣ ከስርቆት፣ ከመብራት መቋረጥና ከሰው ስሕተትም ያድናል። ጸረ ቫይረስ ግን ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይከላከላል። የጥምቀትና የጋብቻ ጥራዝ መዝገቡም ኮምፒውተር ገባ ተብሎ አይጣል፤ እርሱም አንድ ቅጂ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለ ወጪ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ለኅትመት የሚሄደው ፍላሽ ለኅትመት ብቻ ይሁን፤ መዝገብ የያዘ ፍላሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂድ። ከኅትመት የተመለሰ ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈት። ለዕለት ሥራ የሚያገለግለው የኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው ይሁን፤ የሥልጣኑ የይለፍ ቃል በአንድ ኃላፊ እጅ ይቀመጥ። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ሰነድ ከሚቆልፉ ቫይረሶች የሚከላከል «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል መከላከያ አለ፤ ካልተከፈተ በራሱ አይሠራምና የመዝገቡን ፎልደር እንዲጠብቅ ይከፈት። ዲፌንደር ዋናው ጸረ ቫይረስ ሲሆን ብቻ እንደሚሠራም ይታወቅ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር

ይህ ጉዳይ ለአንድ ኮምፒውተር አዋቂ ወጣት ብቻ የሚተው አይደለም። ወጣቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ሲሄድ ዕውቀቱም የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳልና። የአጥቢያው የምእመናን ዝርዝር የሰዎችን ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ሁኔታና አንዳንዴም የጤና መረጃ ይይዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሃይማኖት እምነትንና የጤና ሁኔታን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቈጥራቸዋል። በመሆኑም ጥበቃው የሰበካ ጉባኤው ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ሰጥታችሁ በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ እናሳስባለን። ስንት ኮምፒውተር አለን፣ እያንዳንዱስ የትኛውን ዊንዶውስ ይጠቀማል? ቢጠፋ ልንተካው የማንችለው መዝገብ የትኛው ነው፣ የትስ ይገኛል? የመጨረሻው ቅጂ መቼ ተወሰደ፣ ማንስ ከፍቶ አየው? በየሳምንቱ የማደሱንና የመቅዳቱን ሥራ የሚሠራው ማን ነው፣ እርሱ በሌለበትስ ማን ይተካዋል? የሚከፈልበት ጸረ ቫይረስ ብንገዛ በሚቀጥለው ዓመት ከየትኛው የበጀት ርእስ እናድሰዋለን?

የመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች በሚገባ ከተመለሱ፣ የአምስተኛው መልስ ለአብዛኞቹ አጥቢያዎች «ለጊዜው አያስፈልገንም» የሚል እንደሚሆን እናምናለን። ካልተመለሱ ደግሞ መግዛቱ ክፍተቱን አይሞላውም። ዘንድሮ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ኮሚቴ ሃርድ ዲስክ ይግዛ፤ በዚሁ ሳምንትም የመጀመሪያውን ቅጂ ይውሰድ።